ማክቤዝን ለጥፋት ያበቃችው ሚስቱ ናት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ባለቤቴና እኔ የምንኖረው ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ነው። ከእራት በኋላ አንዳችን ጮክ ብለን ስናነብ ሌላችን የማዳመጥ የቆየ ልማድ አለን። በቅርቡ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ማክቤዝ» አንብበን ጨረስን፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክርክራችን አልበረደም። ባለቤቴ «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም የተባለው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ጀግናና ለንጉሡ ታማኝ ነበር፤ ገደል የከተተችው ሚስቱ ናት» ይላል። እኔም ሴትየዋ ጥፋተኛ መሆኗን አልክድም። ነገር ግን ታሪኩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከእሱ ይልቅ የምታሳዝነኝ እሷ ናት፤ ለምን እንደሆነ ግን አስረድቼ መርታት አልቻልኩም። እርስዎ ምን ይላሉ?
ከአዘዞ

መልስ

እኅቴ፣ ተውኔቱን ላላነበቡ ሰዎች ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። ማክቤዝ የስኮትላንድ ንጉሥ የዱንካን ዘመድና የጦር አለቃ ነው። ድል አድርጎ ከባልንጀራው ከባንኮ ጋር ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች ያገኙትና ንጉሥ እንደሚሆን ይነግሩታል፤ ባንኮን ደግሞ «አንተ አትነግሥም፣ ዘርህ ግን ይነግሣል» ይሉታል። ማክቤዝ የሰማውን ለሚስቱ በደብዳቤ ይጽፍላታል። ንጉሡ በእንግድነት ቤታቸው ባደረበት ሌሊት ባልና ሚስቱ ተማክረው በተኛበት ይገድሉታል። ማክቤዝ ይነግሣል፤ ከዚያ ባንኮን ያስገድላል፣ የመኳንንቱን አንዱን፣ የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስጨርሳል፤ ሚስቱ አእምሮዋ ታውኮ ትሞታለች፤ እሱም በማክደፍ እጅ ይወድቃል።

የባለቤትዎ ክርክር የሚጸናው የግድያው ሐሳብ መጀመሪያ ከሚስቲቱ የመነጨ ቢሆን ነበር፤ ጸሐፌ ተውኔቱ ግን ነገሩን እንደዚያ አላሰናዳውም። በመጀመሪያው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ጠንቋዮቹ ስለ ንግሥና እንጂ ስለ መግደል አንዲት ቃል አይተነፍሱም፤ ሆኖም ማክቤዝ ትንቢቱን እንደሰማ በልቡ የግድያ ሥዕል ይመጣበታል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ልቡ ደረቱን ይደልቃል። በአራተኛው ትዕይንት ንጉሡ ልጁን ማልኮምን አልጋ ወራሽ አድርጎ ሲሰይም፣ ማክቤዝ ለብቻው ዞር ብሎ ከዋክብት ብርሃናቸውን እንዲሰውሩለት፣ ጥቁር ምኞቱን ማንም እንዳያይበት ይለምናል። ሚስቱ እስከዚህ ድረስ መድረክ ላይ አልወጣችም፤ ደብዳቤውን እያነበበች የምትታየው በአምስተኛው ትዕይንት ነው። ምሳሌያዊ አነጋገሩ የሚያየው ላኪዋን ብቻ ነው፤ ተላኪው ሳይላክ በፊት ዝናሩን ታጥቆ ደጅ ቆሞ እንደነበር አይናገርም።

ታዲያ የእሷ ድርሻ ምንድን ነው? ትንሽ አይደለም። ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ባሏን የምትመዝንበት አነጋገር ከተውኔቱ ሁሉ እጅግ ጥልቅ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ታላቅ መሆን ትፈልጋለህ፣ ምኞትም አይጎድልህም፣ ነገር ግን ለዚያ የሚያስፈልገው ክፋት የለህም፣ ልብህ ርኅራኄ የሞላበት ነው ትለዋለች፣ በሌለበት። እንዲህ አድርጎ ሰውን ማወቅ በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም፤ የረጅም ጊዜ የትዳር ዕውቀት ነው። እሱም ደብዳቤውን የጻፈላት የክብሩ ተካፋይ ብሎ ጠርቷት፣ የተነገረላትን ታላቅነት ሳትሰማ ደስታዋ እንዳይጓደልባት ብሎ ነው። እንግዲህ ምኞቱ የሁለቱም ነበር፤ በምኞቱና በድርጊቱ መካከል ያለውን ክፍተት ያየችውና ራሷን እዚያ ላይ ያቆመችው ግን እሷ ናት። መናፍስትን ጠርታ ሴትነቷን እንዲገፉላት፣ ርኅራኄ የሚገባበትን በር ሁሉ እንዲዘጉባት የምትማጸነውም ለዚህ ነው። ይህን ልመና የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፤ በባሕርይዋ ጨካኝ የሆነች ሴት ጭካኔን በልመና አትፈልገውም።

በሰባተኛው ትዕይንት ማክቤዝ ከግብሩ ተነሥቶ ይወጣና ያመነታል፤ ንጉሡ ዘመዴ ነው፣ ጌታዬ ነው፣ ከዚህም በላይ እንግዳዬ ነው፣ በሩን በገዳይ ላይ መዝጋት ሲገባኝ እንዴት ራሴ ቢላዋ አነሣለሁ ይላል። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ቤት ለእንግዳ፣ ያውም ለእግዜር እንግዳ፣ ምን ማለት እንደሆነ ጎንደር ውስጥ ያላወቀ የለም። «ከዚህ በላይ አንሄድም» ብሎ ለሚስቱ ይነግራታል። እሷ ስለ ዙፋኑ ጥቅም አትከራከርም፤ የምትነካው ወንድነቱን ነው። ይህን ልታደርግ ስትደፍር ያኔ ወንድ ነበርክ ትለዋለች፤ ጊዜውም ቦታውም ሳይመች አንተ ልታመቻቸው ፈልገህ ነበር፣ አሁን ራሳቸው ሲመቹ ፈራህ ብላ ትወቅሰዋለች። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ ያነሣው እሱ እንደነበረ እዚህ ላይ ከእሷ አፍ ይሰማል። ከዚያ ያ የሚዘገንን ነገር ይመጣል፤ ልጅ አጥብቼ አውቃለሁ፣ እንዳንተ ብምል ኖሮ ግን ጡቴን ከአፉ ነጥቄ ጭንቅላቱን እፈጠፍጠው ነበር ትላለች። ባልየው በዚህ ተረታ። የተረታውም በክርክር ብልጫ ሳይሆን በኀፍረት ነው፤ ጦር ሜዳ ሰው ሲሰነጥቅ የከረመ ጀግና ሚስቱ ፊት ፈሪ ተብሎ መኖር አልቻለም። ባለቤትዎ በዚህች ቦታ ላይ እውነት አላቸው፤ እሷ ባትገፋው ኖሮ በዚያች ሌሊት ዱንካን አይሞትም ነበር ብዬ አምናለሁ። በሌላ ሌሊት አይሞትም ነበር ብዬ ግን አልምልም።

አሁን እርስዎ ወዳዘኑበት ልምጣ። ብዙ አንባቢ ትዳሩ የፈረሰው በንጉሡ ደም ይመስለዋል። እኔ ግን የፈረሰው በባንኮ ደም ነው እላለሁ። በዱንካን ሌሊት ሁለቱ አብረው ናቸው፤ እሷ ለዘበኞቹ መጠጥ ታሰናዳለች፣ እሱ ይገድላል፣ ቢላዋዎቹን ረስቶ ይዞ ሲወጣ እሷ ተቀብላ መልሳ ታስቀምጣለች፣ የሁለቱም እጅ እኩል ይቀላል። «ሲተኛ አባቴን ባይመስለኝ ኖሮ እኔው እገድለው ነበር» የምትለውም በዚያች ሌሊት ነው፤ ለመናፍስት ያቀረበችው ልመና ሙሉ በሙሉ እንዳልተሰማላት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። በሦስተኛው ገቢር ግን ማክቤዝ ነፍሰ ገዳዮችን ለብቻው ጠርቶ፣ ለብቻው ተማክሮ፣ በባንኮና በልጁ ላይ ያሰማራቸዋል፤ ሚስቱ ምንም አታውቅም።

በሁለተኛው ትዕይንት መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ነገር እባክዎ እንደገና ያንብቡልኝ። ንግሥቲቱ አሽከር ጠርታ «ለንጉሡ ጊዜ ካለው ጥቂት ቃል ልነግረው እንደምፈልግ ንገርልኝ» ትለዋለች። ሚስት ባሏን ለማነጋገር በአሽከር ደጅ ትጠናለች! ከጥቂት ትዕይንቶች በፊት ደብዳቤ እየጻፈ ምስጢሩን ሁሉ የሚያካፍላት ሰው ነው ይህ። አሽከሩ ሲወጣ ብቻዋን ቀርታ ሁሉን አውጥተን ምንም አላገኘንም ብላ ታዝናለች፤ ባሏ ሲገባ ግን ኀዘኗን ውጣ እሱን ታጽናናለች፣ ብቻህን ለምን ትሆናለህ፣ ያለፈው አልፏል ትለዋለች። እሱ ስለ ባንኮ ሲያወሳ «ምን ሊደረግ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ በፍቅር ቃል የተጠቀለለ ነው፤ ውዴ፣ ነገሩ ተፈጽሞ እስክታመሰግኚው ድረስ አትወቂው፣ ንጹሕ ሁኚ ይላታል። እኔ ይህን የተውኔቱ እጅግ ጨካኝ ቃል አድርጌ ነው የማየው። ዙፋኑን ሲፈልጉት የጋራ ነበር፤ ከተቀመጠበት በኋላ ግን የአንድ ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሚስትነቷ ይፈለጋል። በግብሩ ላይ የባንኮ መንፈስ ለማክቤዝ ሲታየውና ባዶ ወንበር ላይ ሲጮህ፣ እንግዶቹን የምታረጋጋው፣ ከልጅነቱ ያለበት ሕመም ነው ብላ የምትሸፍንለት፣ በጆሮው «ወንድ ነህን?» ብላ የምትገሥጸው፣ በመጨረሻም ማዕረግ ሳትጠብቁ ውጡ ብላ የምታሰናብታቸው እሷ ናት። ያ የወንድነት ቃል በመጀመሪያው ገቢር ሠርቶ ነበር፤ እዚህ ግን አይሠራም። እንግዶቹ ሲሄዱ እሱ ስለሚመጣው ደም ያወራል፤ እሷ እንቅልፍ ጎድሎሃል ከማለት በቀር የምትለው የላትም። ከዚህ በኋላ በአእምሮዋ ጤነኛ ሆና አናያትም። ስትሞትም ሴቶች ሲጮኹ ይሰማል፣ እሱም መሞቷ ካልቀረ ምነው በኋላ ቢሆን ብሎ ስለ ሕይወት ከንቱነት ይናገራል፤ ስሟን እንኳ አያነሣም።

ስለዚህ እኅቴ፣ ባለቤትዎን እንዲህ ይበሏቸው፤ በወንጀሉ ሁለቱም ተጠያቂዎች ናቸው፣ እሷም ያለ ምሕረት። ነገር ግን እሷ ለአንድ ግድያ ተባብራ በዚያው ተሰብራለች፤ እሱ ከእሷ ምክር ውጭ የማክደፍን ሕፃናት እስከ ማስጨረስ ደርሷል። ሚስት ትመራው የነበረ ባል ቢሆን ኖሮ፣ መሪዋ ስትወድቅ እሱም በቆመ ነበር። የምታሳዝንዎትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ነፍሷን የሸጠችው ለአንድ ሰው ስትል ነበር፣ ሰውየውም በሩን ዘጋባት።

ጥያቄ

የታሪክ መምህር ነኝ። ማክቤዝ የሚባል ንጉሥ በእውን ኖሯል? ሚስቱስ? በእኛ በጎንደር ነገሥታት ታሪክ ውስጥ ተመሳሳይ ባልና ሚስት ሊጠቀሱ ይችላሉ?
ከጎንደር፣ ቀበሌ 16

መልስ

ማክቤዝ በእውን ኖሯል፤ ስኮትላንድን እ.ኤ.አ. ከ1040 እስከ 1057 ገዝቷል። ዱንካንም የሞተው አልጋው ላይ ሳይሆን በጦርነት ነው። ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ ተውኔቱን ሲጽፍ የተጠቀመው የታሪክ ጸሐፊውን የሆሊንሼድን ዜና መዋዕል ነበር፤ በቤት ውስጥ፣ በሚስት ጉትጎታ፣ በእንግድነት ያደረ ንጉሥ የተገደለበት ታሪክ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ግን ስለ ሌላ ሰው፣ ንጉሥ ደፍን ስለ ገደለው ስለ ዶንዋልድ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ሁለቱን ታሪኮች ያጋጠማቸው ሆን ብሎ ነው፤ የመንግሥትን ነገር ከጦር ሜዳ አውጥቶ ወደ መኝታ ቤት አገባው። በዜና መዋዕሉ ባንኮ የማክቤዝ ተባባሪ ሲሆን፣ በተውኔቱ ንጹሕ የሆነው በዘመኑ የነገሠው ቀዳማዊ ጄምስ ዘሩን ከባንኮ ይቆጥር ስለነበረ ነው።

የእውነተኛዋ ሚስት ስም ግሩዎክ ይባላል፤ ራሷ ከንጉሥ ዘር የተወለደች ናት። የቀድሞ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1032 በእሳት ተቃጥሎ ሞቷል፤ ከእሱ የወለደችው ሉላክ ደግሞ ከማክቤዝ ሞት በኋላ ለጥቂት ወራት ነግሧል። በሎክ ሌቨን ደሴት ለሚኖሩ መነኮሳት መሬት የተሰጠበት ጽሑፍም የማክቤዝንና የግሩዎክን ስም አንድ ላይ፣ ንጉሥና ንግሥት ብሎ ይጠራል። የጣና ገዳማትን የጉልት መዝገቦች ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ መለኮታዊት ናቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ መሥራች የሆኑት ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ የሚወዷት ሴት ሞታባቸው ከኀዘን ብዛት ወደ ጣና ደሴት ገለል ባሉ ጊዜ፣ መለኮታዊትና ደጋፊዎቻቸው ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን እ.ኤ.አ. በ1706 አነገሡ። ዐፄ ኢያሱ በዚያው ዓመት ተገደሉ፤ የመለኮታዊት ወንድሞችም እጃቸው ነበረበት። ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1708 በሰው እጅ ሲሞቱ፣ የነገሡት የዐፄ ኢያሱ ወንድም ዐፄ ቴዎፍሎስ የወንድማቸውን ደም ተበቀሉ፤ መለኮታዊትንም በሞት ቀጧቸው። ታሪኩ ደም በደም የተያያዘ በመሆኑ ከማክቤዝ ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን እንደ ታሪክ መምህርነትዎ ልዩነቱን ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩልኝ ደስ ይለኛል፤ መለኮታዊት ከባላቸው ጋር ሳይሆን ከልጃቸው ጋር ሆነው በባላቸው ላይ ነው የተነሡት።

በጎንደር ቤተ መንግሥት ለሴት ሥልጣን የሚያደርሰው ዋናው መንገድ የልጅ መንገድ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ሚስት በነበሩበት ጊዜ ከነበራቸው ይልቅ ባላቸው እ.ኤ.አ. በ1730 ሞተው ልጃቸው ኢያሱ ሲነግሥ ያገኙት ሥልጣን እጅግ ይበልጣል፤ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ገዙ፣ ቁስቋምንም አሠሩ። እመቤት ማክቤዝን ከእነዚህ ሴቶች ጎን አቁመን ስናያት ድህነቷ ይገለጣል። ልጅ አጥብቼ አውቃለሁ ብትልም በመድረኩ ላይ ልጅ የላትም፤ ማክቤዝ ራሱ ጠንቋዮቹ መካን በትረ መንግሥት አስያዙኝ ብሎ ያማርራል። ልጅ ያላት ንግሥት ባሏ ቢርቃት ነገዋ በልጇ አለ። ይህች ሴት ግን ወደ ሥልጣን የምትገባበት በር ባሏ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲዘጋባት ዘውድ እንደ ደፋች ከሥልጣን ውጭ ቀረች። በታሪክ የኖረችው ግሩዎክ ልጇ ሲነግሥ፣ በተውኔቱ ያለችው ባዶ እጇን መቅረቷ የጸሐፌ ተውኔቱ ምርጫ ነው፤ ልጁን ከታሪኩ ባያወጣው ኖሮ የባልና ሚስቱ ብቸኝነት እንዲህ ባልከበደ ነበር።

ጥያቄ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተውኔት ክበብ አባላት ነን። እመቤት ማክቤዝ ተኝታ የምትሄድበትን ትዕይንት ለመሥራት እየተለማመድን ነው። ተዋናይቷ እየጮኸች ትሥራው ወይስ በዝግታ? ክበባችን ለሁለት ተከፍሏል።
ከጎንደር

መልስ

በዝግታ። አምስተኛው ገቢር የሚከፈተው ሐኪምና ደንገጡር ተደብቀው ሲጠብቁ ነው፤ እሷ ጮኻ ከተናገረች የእነሱ ሹክሹክታ ይጠፋል፣ የእነሱ ፍርሃት ከጠፋ ደግሞ የተመልካቹም ይጠፋል። የምትናገረው በግጥም ሳይሆን በተቆራረጠ ስድ ንባብ ነው፤ የዱንካንን ሌሊት፣ የማክደፍን ሚስት፣ የባንኮን ቀብር እየቀላቀለች ታወራለች። ከሰማችው ከእያንዳንዱ ሞት አንድ አንድ ቁራጭ ይዛለች፤ ባሏ «አትወቂ» ያላትን ሁሉ አውቃለች ማለት ነው።

ለጧፉ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉለት። ሐኪሙ መብራቱን ከየት አገኘችው ሲል፣ ደንገጡሯ ሁልጊዜ አጠገቧ እንዲበራ አዛለች ብላ ትመልሳለች። በመጀመሪያው ገቢር ጥቅጥቅ ያለ ሌሊት ጭስ ተከናንቦ እንዲመጣ የጠራችው እሷ ነበረች፤ አሁን ያለ ብርሃን ማደር አትችልም። እጇን ለማሸት ስትል ጧፉን ታስቀምጠው ወይስ በአንድ እጇ ይዛው ትቆይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ሳራ ሲደንስ የተባለችው ታላቅ እንግሊዛዊት ተዋናይት እ.ኤ.አ. በ1785 ለንደን ውስጥ ስትሠራው፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ሳይለቁት ይሠሩት የነበረውን መብራት እሷ አስቀምጣ ሁለቱን እጆቿን አሸች። የቴአትር ቤቱ ኃላፊ አስቀድሞ ቢቃወማትም እምቢ አለች፤ ተመልካቹም ተቀበለላት። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ ደም የሚታጠበው በአንድ እጅ አይደለም። ነገር ግን ጧፉ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ከመጀመሪያው በቦታው ይኑር፤ ልትፈልገው ዞር ዞር ካለች የነቃች ትመስላለች። ዓይኖቿ ክፍት ይሁኑ፤ ሐኪሙ ዓይኖቿ ክፍት ናቸው ሲል፣ ደንገጡሯ ግን አያዩም ትለዋለችና።

የሐኪሙን ክፍል ለደካማ ተዋናይ አትስጡ። ከሐኪም ይልቅ ካህን ያስፈልጋታል የሚለው እሱ ነው፤ የንግሥቲቱን ምስጢር ሰምቶ በሕይወት ለመኖር የሚፈራም እሱ ነው።

ልምምዱን ግን ከዚህ ትዕይንት አትጀምሩ። ለክበባችሁ የምመክረው የሦስተኛውን ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት፣ በአሽከር ለባሏ መልእክት የምትልክበትን፣ አስቀድማችሁ እንድትለማመዱ ነው፤ ለተመልካች ባታቀርቡት እንኳ። ማክቤዝን የሚሠራው ልጅና ተዋናይቷ ያንን ሁለቱ ብቻ ሆነው ደጋግመው ይሥሩት፤ እሱ የፍቅር ቃሉን በደረቁ ሳይሆን ከልቡ ይበለው፣ እሷም ቅር መሰኘቷን ትደብቅ። ይህን ከቻሉበት በኋላ ወደ አምስተኛው ገቢር እለፉ።